ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ቤትን ስለ ማሰናዳት

አባትንና እናትን ማክበር ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ መኾኑን የማያውቅ ምእመን የለም። ትእዛዙን በቃል የሚክድ ልጅም አይገኝም። ነገር ግን ማክበር በቃል ተጀምሮ በቃል የሚፈጸም ነገር አይደለም፤ ድንጋይና እንጨት፥ መብራትና ውሃ የሚጠይቅበት ጊዜ ይመጣል። ያ ጊዜ ወላጆች ያረጁበት፥ ጕልበታቸው የደከመበት፥ ልጆችም ከቤት የራቁበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ወላጅን ከማክበር ሥራ አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በገዛ ቤታቸው ውስጥ እንዳይወድቁ፥ እንዳይቃጠሉ፥ ወድቀውም ማንም ሳያውቅላቸው እንዳያድሩ ቤታቸውን አስቀድሞ ማሰናዳት ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቍጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ምክንያቱም ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይኾን ነው። ከዚህ ትእዛዝ ኹለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ በቤት ውስጥ የሚደርስ አደጋ አስቀድሞ ሊታሰብና ሊከለከል የሚቻል ነገር እንጂ ዕድል ብቻ አለመኾኑን ነው። ኹለተኛው፥ የጥንቃቄው ዕዳ በሚወድቀው ሰው ላይ ሳይኾን በቤቱ ሠሪ ላይ መጣሉን ነው። እናት ወድቃ በተሰበረች ጊዜ «ምነው ባትወጪ ኖሮ» ብሎ እርስዋን መውቀስ እንግዲህ የኦሪቱን ፍርድ መገልበጥ ይኾናል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 የተጻፈውንም የካህኑን የዔሊን ታሪክ እናስታውስ። የታሪኩ ዋና ምስጢር ሌላ ቢኾንም ለዛሬው ጕዳያችን የሚጠቅም ነገር አለበት። ዔሊ የ98 ዓመት ሽማግሌ ነበረ፤ ዐይኖቹም ማየት ተስኗቸው ነበር። የታቦቱን መማረክ በሰማ ጊዜ ከተቀመጠበት ወንበር ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። መርዶው የመጣው ከሩቅ ከጦር ሜዳ ነው፤ የሞተው ግን ዕለት ዕለት ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ በመውደቅ ነው። አረጋዊን የሚያሰጋው ነገር ብዙውን ጊዜ ከደጅ የሚመጣ ጠላት ሳይኾን እንደዚሁ የለመደው ወንበር፥ የለመደው ደፍ፥ የለመደው ደረጃ ነው።

የላስታ ቤትና የላስታ አረጋውያን

ነገሩን ከሩቅ እንዳናየው አንድ አገር ለይተን እንመርምር። በሰሜን ወሎ ያለው የላስታ ደጋ ለዚህ ትምህርት የተስማማ ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። አገሩ ገደላማና ድንጋያማ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የክረምቱ ዝናብም መንገዱን አዳላጭ ያደርገዋል።

የአገሩ ቤት አሠራርም የታወቀ ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ቅርስ መዝገብ መስፈራቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ዩኔስኮ ስለ ስፍራው በሚሰጠው መግለጫ ግን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሌላ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ደርብ ክብ ቤቶች፥ የላስታ ጐጆዎችን፥ ይጠቅሳል። ባለ ደርቡ ቤት ብልሃት ያለበት ሥራ ነው፤ ምድር ቤቱ ለከብት ወይም ለዕቃ ይኾናል፤ ሰው በደርቡ ይኖራል፤ ወደ ደርቡም በድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ይህ ቤት ለጐልማሳ መልካም ነው። የ75 ዓመት እናት ግን ደረጃውን በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ሲወጡና ሲወርዱ፥ ያውም መያዣ ሳይኖረው፥ በዝናብም በጨለማም፥ ቤቱ ያረጀ ሰውን እንደማያውቅ ይታያል።

አኹን ደግሞ በእነዚህ ቤቶች ስለሚኖሩት እናቶችና አባቶች እናስብ። ባል ይሞታል፤ ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ወልድያ፥ ወደ ደሴ፥ ወደ አዲስ አበባ፥ አንዳንዶቹም ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። እናት ቆብ ደፍታ፥ «እማሆይ» ተብላ፥ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ በትንሽ ጐጆ መኖርን ትመርጣለች። ልጅ በበኩሉ «እማዬ፥ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ኑሪ፤ ብቻሽን እንዴት ትኾኛለሽ?» ይላል። እናትም «የአባትህን መቃብር፥ የማኅበሬን ጽዋ፥ የጧት ኪዳኔን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ትላለች።

ከኹለቱ የሚፈረድበት የለም። የልጅ ሥጋት እውነት ነው፤ የእናት መልስም እውነት ነው። በማታውቀው ከተማ፥ በኪራይ ቤት፥ ቋንቋዋን እንጂ ሐሳብዋን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ስፍራ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ተዘግታ የምትውል እናት ከአደጋ ብትድን እንኳ ከኀዘን አልዳነችም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ አረጋውያን ባወጣው መመሪያ፥ አረጋውያን በተቻለ መጠን ለረጅም ጊዜ በገዛ ቤታቸው መኖር እንዲችሉ መክሯል። እንግዲህ ጥያቄው «ትምጣ ወይስ ትቅር?» የሚለው ብቻ አይደለም። እናት በቤትዋ ከቀረች ያ ቤት ለእርስዋ የሚገባ ቤት ኾኗል ወይ? ተብሎ መጠየቅ አለበት። «እንቢ አለችኝ» ብሎ እጅን ማጣጠፍ ማክበር አይደለም።

አረጋዊ ለምን ይወድቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በመላው ዓለም በመውደቅ ምክንያት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከመቶ ከ80 የሚበልጡት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በኾነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በመውደቅ ከሚሞቱት መካከል የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ ነው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሰው ሲያረጅ የእግሩ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ኀይል ይቀንሳል፤ ከመኝታ ድንገት ሲነሣ የደሙ ግፊት ወርዶ ዐይኑን ያጨልምበታል። የደም ብዛትና የእንቅልፍ መድኀኒት ይህን ሊያባብስ ይችላል። የዐይን ሞራ የደረጃውን ጠርዝ ከጥላው እንዳይለይ ያደርገዋል፤ በአማራ ክልል እጅግ የተስፋፋው ትራኮማም የብዙ አረጋውያንን ዐይን ጐድቷል። በዚህ ላይ አጥንት በዕድሜ ይሳሳል፤ በተለይ የሴቶች አጥንት። ሕፃን ቢወድቅ አልቅሶ ይነሣል፤ አሮጊት እናት ግን ከደፍ ላይ ቢወድቁ የዳሌያቸው አጥንት ሊሰበር፥ ዳግመኛም ሳይራመዱ ሊቀሩ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ መተኛትም የሳንባ ምችንና የገላ መቍሰልን ያስከትላል።

ስለዚህ የአረጋዊን ቤት የሚመረምር ሰው በራሱ ዐይንና በራሱ እግር አይመርምረው። በእናቱ ዐይንና በእናቱ እግር ይመርምረው። ይህን ለማድረግ የሚሻለው ጊዜ ቀን ሳይኾን ሌሊት ነው፤ ከመኝታ እስከ በር፥ ከበር እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ እናት በሚሄዱበት መብራት፥ በሚሄዱበት ጫማ፥ በሚሄዱበት ዝግታ አብሮ መሄድ ይገባል። በዚያ ጕዞ እናት ግድግዳ ይዘው የሚቆሙበት ስፍራ ኹሉ መያዣ የሚያስፈልገው ስፍራ ነው።

ከደጅ ወደ ውስጥ

አንደኛ፥ ደረጃው። ከኹሉ የሚሻለው የአረጋውያን መኝታ ከደርብ ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ ማድረግ ነው። ምድር ቤቱ የከብት ከኾነ ለከብቱ በውጭ በረት ሠርቶ፥ ወለሉን ደልድሎ፥ ግድግዳውን መርጎ፥ መስኮት ከፍቶ ማሰናዳት ይቻላል። ይህ የማይቻል ከኾነ ደረጃው ይጠገን፤ የሚወዛወዘው ድንጋይ ይጠበቅ፤ እርከኖቹ ኹሉ እኩል ይኹኑ፤ ከፍታቸውም ከ18 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። እኩል ያልኾነ አንድ እርከን ብዙ ሰው ይጥላል፤ እግር የለመደውን ልክ ይጠብቃልና። ከደረጃው ጐን ከወይራ ወይም ከጽድ እንጨት የተሠራ፥ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ እጅ ሊጨብጠው የሚችል መደገፊያ ይተከል። መደገፊያው ከላይኛው እርከን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይድረስ፤ ከመጨረሻው እርከን በፊት የሚያልቅ መደገፊያ እናትን በሚያስፈልጋት ስፍራ ጥሏት ይሄዳል። የየእርከኑን ጠርዝ በኖራ ነጭ መቀባትም ለደከመ ዐይን ይረዳል።

ኹለተኛ፥ ውሃው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያነጹ ሰዎች ዐለቱን ሲወቅሩ ለቤተ መቅደሱ ብቻ አልተጨነቁም፤ የዝናብ ውሃ የሚወርድባቸውን ቦዮችና ጕድጓዶችም አብረው ወቅረዋል። ውሃ መውጫ ያልተበጀለት ሕንፃ እንደማይጸና ያውቁ ነበር። ይህን ጥበብ በየቤታችን እንከተለው። ከጣራ የሚወርደው ውሃ በደፍ ላይ እንዳይጠራቀም ከክረምት በፊት በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር፤ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱና እስከ አጥሩ በር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ። ድንጋዩ ለስላሳና የሚያዳልጥ ከኾነ በመሮ ይጐርጐር ወይም ሻካራ አሸዋ ይነስነስበት።

ሦስተኛ፥ ደፉና ወለሉ። ከፍ ያለ ደፍ ውሃና ነፋስ ይከለክላል፤ እግሩን ከፍ ማድረግ የተሳነውን ሰው ግን ያሰናክላል። ቢቻል ዝቅ ይደረግ፤ ባይቻል ከውስጥና ከውጭ በአፈርና በድንጋይ ተዳፋት ይበጅለት፤ በመቃኑም ላይ መያዣ ይመታ። በመሬት ላይ የሚነጠፍ ቍርበት፥ ሰሌንና አጐዛ ጠርዙ ከተቈለመመ እግር ይጠልፋል፤ ከመሄጃው ላይ ይነሣ። እንስራ፥ ጀሪካን፥ ሙቀጫና ዱካ በየመንገዱ አይቀመጡ። እናት ዕለት ዕለት የሚፈልጉት ዕቃ ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ይቀመጥ፤ በርጩማ ላይ ቆሞ ከቆጥ ላይ ዕቃ ማውረድ ለአረጋዊ የተገባ ሥራ አይደለም።

አራተኛ፥ መኝታውና መብራቱ። እጅግ ዝቅ ያለ መደብ ለመነሣት ያስቸግራል፤ እጅግ ከፍ ያለ አልጋም ለመውረድ ያሰጋል። ሰው ተቀምጦ እግሩ መሬት የሚረግጥበት፥ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል የኾነ ከፍታ የተሻለ ነው። ከመኝታ ሲነሡ በአልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀምጦ ከዚያ በኋላ መቆም ይገባል። በአልጋው አጠገብ እጅ በሚደርስበት ስፍራ መብራት ይኑር። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ላሊበላና አካባቢዋ ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቈየታቸውን የሚያስታውስ ሰው የኤሌክትሪክ አምፖልን ብቻ አይተማመንም፤ በፀሐይ ኀይል የሚሠራ ትንሽ መብራት ከእርሱ ጋር ያኖራል። ለሌሊት ሽንት ወደ ውጭ መውጣት በተለይ በክረምት እጅግ አስጊ ስለ ኾነ ክዳን ያለው ዕቃ በመኝታው አጠገብ ማኖር ነውር አይደለም። በሽንት ቤቱም ለመቀመጥና ለመነሣት የሚያዝ ጽኑ እንጨት በግድግዳው ላይ ይተከል።

አምስተኛ፥ ጫማው። ከተረከዝ የሚወጣ ነጠላ ጫማ፥ ልኩ የማይስማማ ከልጅ የተረፈ ጫማ፥ ሶሉ ያለቀ የፕላስቲክ ጫማ በዐለት ላይ አይታመንም። ለበዓል ቀሚስ ከመግዛት በፊት ተረከዝ የሚይዝ፥ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ መግዛት ይቀድማል።

ስለ እሳትና ስለ ጢስ

የላስታ ብርድ ምድጃን ወዳጅ ያደርጋል፤ ነገር ግን ምድጃ ለአረጋዊ እንደ ደረጃው ኹሉ መጠበቅ የሚገባው ነገር ነው። በዝቅተኛ ጕልቻ ላይ አጐንብሶ ማብሰል ራስ ሲዞር ወደ እሳት መውደቅን ያመጣል። ምድጃው ከፍ ተደርጎ በጭቃ ቢሠራ፥ ጢሱም በመውጫ ወደ ውጭ ቢወጣ ለወገብም ለዐይንም ለሳንባም ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል፤ ስለዚህ ጢስ የድኻ ቤት ልማድ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ከጢስ ይልቅ የሚከፋው ደግሞ የከሰል ጋዝ ነው። ከሰል ፍም ሲኾን ጢሱ ይጠፋል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም ሳይኖረው ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ተኝቶ አለመነሣት ሊኾን ይችላል። እንግዲህ ከሰሉ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ፤ ለብርዱ ተጨማሪ ጋቢና ብርድ ልብስ ይሰጥ።

ሌሊት ለጸሎት የሚነሡ እናቶችና አባቶች ጧፍ ወይም ሻማ ያበራሉ። የሣር ክዳን ባለበት ቤት፥ በመኝታ አጠገብ፥ ሰው ሲያንቀላፋ፥ ያች ትንሽ እሳት ቤቱን ልታጠፋ ትችላለች። ጧፉ አሸዋ በተሞላ የሸክላ ወይም የብረት ዕቃ ውስጥ ይተከል፤ ከመጋረጃ፥ ከነጠላና ከመጽሐፍ ይራቅ። ዳዊት የሚደገምበት መብራት ከእሳት ይልቅ የፀሐይ መብራት ቢኾን ጸሎቱን የሚያጐድልበት ነገር የለም።

ስለ ጎረቤትና ስለ ምልክት

ቤቱ የቱንም ያህል ቢሰናዳ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ወድቆ ከመቅረት የሚያድነው ሰው ነው። ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ወድቆ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ሜዳ ላይ ቢያድር ከስብራቱ ይልቅ ብርዱ ይጐዳዋል።

ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ስምምነት ያስፈልጋል። ከጎረቤት ጋር አንድ የጧት ምልክት ይቈረጥ፤ ለምሳሌ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የእማሆይ በር ካልተከፈተ ጎረቤት ሄዶ ይጥራ። በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ ከኾነ የሚረዳው ሰው ሊገባ ስለማይችል፥ ከውጭም የሚከፈት ቍልፍ ተደርጎ ትርፍ መክፈቻው በሚታመን ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ። የእጅ ስልክ ያላቸው እናቶች ስልኩን በሣጥን ውስጥ ሳይኾን በክር አስረው በአንገታቸው ቢይዙት ይሻላል፤ በሩቅ ያለ ልጅም በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ይደውል። መንገድ ሲዘጋ ወይም ስልክ ሲቋረጥ ከሩቅ ልጅ ይልቅ የቅርብ ጎረቤት ይደርሳልና ልጅ ለእናቱ የሚያደርገውን አክብሮት ለጎረቤትዋም ያድርግ።

በወሎ ቅሬ፥ በሌላው አገር እድር የሚባለው ማኅበር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፥ ቀብር ያስፈጽማል፥ ኀዘንተኛ ያጽናናል። ይህ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ለቀብር የሚወጣው ሕዝብ ሰውየው በሕይወት ሳሉ ግማሽ ቀን በደቦ ወጥቶ ደረጃቸውን ቢጠግን ቀብሩን ባዘገየው ነበር። የጽዋና የሰንበቴ ማኅበርተኞችም በየተራ ብቻቸውን የሚኖሩትን ቢጐበኙ ከማኅበራቸው ዓላማ የወጡ አይደሉም። የንስሐ አባት ደግሞ ጠበል ለመርጨት ወደ ቤት ሲገቡ ማንም የማያየውን ያያሉ፤ የተናወጠውን ደረጃ፥ የጨለመውን ጓዳ አይተው ለልጆች ቢነግሩ ቃላቸው ይሰማል። የታመሙና የደከሙ አረጋውያንም ስለ ጾማቸውና መድኀኒት ስለሚወስዱበት ሰዓት ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪም ጋር ቢመካከሩ፥ በባዶ ሆድ መድኀኒት ወስዶ ከመውደቅ ይድናሉ።

የሚጐበኝ ልጅ የሌላቸውን ደግሞ አንርሳ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ደንግጓል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብርም ለሥራ ዐቅም የሌላቸውን አረጋውያን በቀጥታ ድጋፍ የሚያቅፍበት ሥርዓት አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቤቱ እየዞሩ ያስተምራሉ። አረጋውያኑ ራሳቸው ቀበሌ ድረስ መሄድ ስለማይችሉ ስማቸውን የሚያስመዘግብ፥ ጕዳያቸውን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም የምእመናን ሥራ ነው።

ሰው ወድቆ ቢገኝ

ወድቆ የተገኘ አረጋዊ በችኰላ ተጐትቶ አይነሣ። አስቀድሞ በቃል ይጠየቅ፤ የሚያመው የት እንደ ኾነ ይታወቅ። እግሩ ያጠረ ወይም ወደ ውጭ የዞረ ቢመስል፥ ዳሌውንም ቢያመው፥ ስብራት ሊኾን ስለሚችል በጋቢ ሸፍኖ፥ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ፥ በቃሬዛ ወይም በጠንካራ ሳንቃ አስተኝቶ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። እንደዚህ ያለው ስብራት ማሸትና መጐተት አይስማማውም። ራሱን መትቶ ከኾነም ለጊዜው ደኅና ቢመስል እንኳ ብቻውን አይተው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ዳግመኛ ሊወድቅ ስለሚችል ከዚያ በኋላ «ለምን ወደቁ?» ተብሎ ምክንያቱ ይፈለግ፤ ዐይኑ፥ መድኀኒቱና ደረጃው ይመርመሩ።

እንዴት እንነጋገር?

ይህን ኹሉ ሲያደርጉ የቤቱ እመቤት ማን እንደ ኾነች መርሳት አይገባም። ልጅ ከከተማ መጥቶ በኹለት ቀን ዕቃውን ኹሉ አዟዙሮ፥ ቍርበቱን ጥሎ፥ ምድጃውን አፍርሶ ቢሄድ መልካም ያደረገ ይመስለዋል፤ እናት ግን በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይኾናሉ። ዐይኑ የደከመ ሰው ዕቃውን የሚያገኘው በልማድ ስለ ኾነ ሳይነገረው የተዛወረ ዕቃ ራሱ መሰናክል ነው። ስለዚህ «እማሆይ፥ ይህን ቢያደርጉልዎ ይወዳሉ? የሚያስቸግርዎስ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የሚፈሩትን ስፍራ ራሳቸው ያውቁታል፤ ያልተናገሩት ሸክም እንዳይኾኑ ብለው ነው።

ምርኩዝ መያዝን እንደ ውርደት የሚቈጥሩ አረጋውያንም አሉ። ለእነርሱ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል። ሊቃውንቱ በማሕሌት መቋሚያ ይይዛሉ፤ ረጅሙን ጸሎትም በመቋሚያ ተደግፈው ያደርሳሉ፤ ስለ ተደገፈም የተነቀፈ መርጌታ የለም። በእግዚአብሔር ፊት መደገፍ ነውር ካልኾነ በገዛ ደጅ ላይ ምርኩዝ መያዝ፥ በገዛ ደረጃ ላይ መደገፊያ መጨበጥ እንዴት ነውር ይኾናል?

ምን እናስቀድም?

«ገንዘብ የለኝም» የሚል ልጅ ቢኖር ከተዘረዘረው የሚበዛው ገንዘብ ሳይኾን ጕልበትና ሐሳብ የሚጠይቅ መኾኑን ይመልከት። ዕቃን ከመንገድ ማንሣት፥ ከሰልን ማውጣት፥ ከጎረቤት ጋር ምልክት መቍረጥ፥ የደረጃን ጠርዝ በኖራ መቀባት በአንድ ቀን የሚፈጸም ነው። ጥቂት ገንዘብ ያለው ደግሞ አስቀድሞ ለመደገፊያው፥ ለጫማውና ለፀሐይ መብራቱ ያውጣ፤ ከዚያም ለዐይን ሕክምና፤ ከዚያም መኝታን ወደ ምድር ቤት ለማውረድ።

ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለአባትና ለእናት የሚገባውን ርዳታ «ለእግዚአብሔር መባ ሰጥቼዋለሁ» እያሉ የሚያስቀሩትን ሰዎች ገሥጿል። ይህ ቃል ለእኛም ነው። ለገና ወደ ላሊበላ ብዙ ሺህ ምእመናን ይወጣሉ፤ ከእነርሱም መካከል የአገሩ ልጆች ብዙዎች ናቸው። ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላና መጋረጃ የሚያመጡ እጆች የተባረኩ ናቸው፤ ነገር ግን መባውን የሚሰጠው ልጅ ወደ እናቱ የሚወጣበት ደረጃ የተናወጠ ድንጋይ ካለበት አስቀድሞ ድንጋዩን ይጠብቀው። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እንኳ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጥቷታል፤ ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወስዷታል። አደራ መቀበል ማለት እንግዲህ ለአረጋዊ እናት ቤት ማሰብ ማለት ነው፤ ወደ ቤታችን ብንወስዳት ቤታችንን፥ በቤትዋ ብትቀር ቤትዋን።

የሚመጣው ክረምት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዳችን ብቻውን የሚኖር አንድ አረጋዊ እናስብ፤ የሥጋ ዘመድ ባይኖረን ጎረቤት አይታጣም። ሄደን ደፉን፥ ደረጃውንና መብራቱን እንይ፤ የጐደለውን በእጃችን እንሙላ። አረጋውያን የሚሰጡንን ምርቃት የምንቀበለው ጐንበስ ብለን ነው፤ ጐንበስ ባልን ጊዜም የሚረግጡትን መሬት እንመልከት።